ከአንድ ግንድ የወጣ እንጨት ሁሉ አንድ አይደለም

ጣውላ ወይም ሞራሌ ሊገዛ ወደ እንጨት መሸጫ ጎራ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ርዝመቱ ስንት ነው? ውፍረቱስ? ዋጋውስ? ትንሽ ጠንቀቅ የሚል ገዢ ከሆነ ደግሞ የዛፉን ዓይነት ይጨምራል፤ «የፈረንጅ ጥድ ነው ወይስ ፓቱላ?» ይላል። ከዚያ አልፎ «ይህ እንጨት ከግንዱ ከየትኛው ክፍል ወጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ቢጠየቅም ሻጩ የሚመልሰው አይኖረውም። ከመሰንጠቂያው እስከ መሸጫው ባለው መንገድ የግንዱ ታችኛው ክፍል ከላይኛው፣ መሀሉም ከዳሩ ጋር ተደባልቆ በአንድ ክምር፣ በአንድ ዋጋ ይቀርባልና።

ይህ ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ ግን ከዛፉ ዓይነት ያላነሰ፣ አንዳንዴም የበለጠ ክብደት ያለው ነው። ከአንድ ግንድ የተሰነጠቁ ሁለት ሞራሌዎች በጥንካሬ፣ በክብደት፣ በመጠማዘዝና ምስጥን በመቋቋም ረገድ ከሁለት የተለያዩ ዛፎች የወጡ ያህል ሊራራቁ ይችላሉ። ቤት ለሚያሠራ፣ ለሚሠራና ዛፍ ለሚተክል ሰው ይህን ማወቅ ገንዘብ ነው፤ ብዙ ጠብንም ያስቀራል።

ስለየትኞቹ ዛፎች እንደምናገር አስቀድሜ ልግለጽ። ሳይንቲስቶች ኮኒፈር የሚሏቸው ዛፎች አበባ የማያብቡ፣ አብዛኞቹም ቅጠላቸው እንደ መርፌ ወይም እንደ ቅርፊት የቀጠነ ናቸው። ከአገር በቀሎቹ ጥድና ዝግባ፣ ከውጭ ከመጡት ደግሞ የፈረንጅ ጥድ፣ ፓቱላና ራዲያታ የዚህ ወገን ናቸው። ባሕር ዛፍ፣ ወይራና ዋንዛ ከዚህ ወገን አይደሉም። በሙኔሳ ሻሸመኔና በሌሎች ደጋ አካባቢዎች የለሙት የጣውላ ደኖች ግን በአብዛኛው በፈረንጅ ጥድና በፓቱላ የተሸፈኑ ስለሆኑ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ዛፍ እንዴት ይወፍራል?

ነገሩን ለመረዳት ከዛፉ አስተዳደግ መጀመር ያስፈልጋል። ሰው ሲያድግ መላ አካሉ አብሮ ያድጋል። ዛፍ ግን እንዲህ አይደለም። ቁመት የሚጨምረው በጫፉ ብቻ ሲሆን፣ የሚወፍረው ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር ባለች ስስ ሽፋን አማካይነት ነው። ይህቺ ሽፋን በየዓመቱ ወደ ውስጥ በኩል አዲስ የእንጨት ንብርብር ትጨምራለች። የተሠራው እንጨት ደግሞ ከቦታው አይንቀሳቀስም። በደረት ቁመት ላይ የተመታ ሚስማር ዛፉ 30 ሜትር ቢረዝምም እዚያው ደረት ላይ ይገኛል፤ የሚሆነው ነገር ቢኖር በአዲስ እንጨት መዋጥ ብቻ ነው።

እንግዲህ ግንድ የዛፉ የዕድሜ መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። በእምብርቱ ዙሪያ ያለው እንጨት ዛፉ ገና ችግኝ ሳለ የሠራው ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ደግሞ የአምናና የዘንድሮ ሥራው ነው። ዛፉ በልጅነቱና በጉልምስናው ተመሳሳይ እንጨት ቢሠራ ኖሮ ቦታው ምንም ባላሳሰበን ነበር። ነገር ግን አይሠራም።

በአንዲት የዕድሜ ቀለበት ውስጥ እንኳ ልዩነት አለ። ዝናብ ሲገኝ ዛፉ ፈጥኖ ያድጋል፤ ያን ጊዜ የሚሠራቸው ሕዋሳት ሰፋፊ፣ ግድግዳቸውም ስስ ነው። ወደ ዕድገቱ ወቅት ማብቂያ ሲቃረብ ሕዋሳቱ ይጠብባሉ፣ ግድግዳቸውም ይወፍራል። በተላገ የፓይን ጣውላ ላይ የምናየው ነጣ ያለና ጠቆር ያለ መስመር ይኸው ነው። በብዙ የፓይን ዓይነቶች የጠቆረው መስመር እፍግታ ከነጣው ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግ ነጣ ያለው ክፍል ቶሎ የሚጎደጉደውና ጠቆር ያለው ጎላ ብሎ የሚቀረው ለዚህ ነው። በአገራችን የበልግና የክረምት ዝናብ በተለያየ ጊዜ ስለሚመጣ አንዳንድ ዛፎች በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ መስመር ሊያወጡ ይችላሉ። ስለዚህ እዚህ አገር ቀለበት ቆጥሮ የዛፍን ዕድሜ መናገር ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የልጅነት እንጨትና የጉልምስና እንጨት

የኮኒፈር እንጨት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ትራኪድ በሚባሉ ረጃጅም ሕዋሳት የተገነባ ነው። ትራኪድ ሁለቱም ጫፎቹ የተደፈኑ፣ እንደ ገለባ ባዶ የሆነ ቀጭን ቱቦ ነው ብለን ብናስበው ያስኬዳል። ውኃ የሚያመላልሰውም፣ ግንዱን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውም እርሱ ነው።

ካርል ሳኒዮ የተባለ የፕሩሲያ ዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1872 ባወጣው ጥናት የአውሮፓን የተለመደ ፓይን ግንድ በየቦታው እየለካ አንድ ነገር አስተዋለ። ትራኪዶቹ በእምብርቱ አካባቢ አጫጭር ናቸው፤ ወደ ቅርፊቱ በተጠጋን ቁጥር ከቀለበት ወደ ቀለበት እየረዘሙ ይሄዱና ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ርዝመታቸው ይረጋል። ዛሬ በብዙ የፓይን ዓይነቶች እንደሚታወቀው እምብርቱ ዘንድ 1 ሚሊ ሜትር ከምናምን የሆነው ትራኪድ ውጪው ላይ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ይህ ለውጥ የሚካሄድበት የመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑ ቀለበቶች ክልል «የልጅነት እንጨት» ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው «የጉልምስና እንጨት» ነው።

ርዝመቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ከወረቀት ፋብሪካ አልፎ ባላስጨነቀን ነበር። ዋናው ቁም ነገር ያለው በሕዋሱ ግድግዳ ውስጥ ነው። የትራኪድ ግድግዳ ሴሉሎስ ከተባለ ንጥረ ነገር በተሠሩ እጅግ ቀጫጭን ክሮች የተጠመጠመ ነው። እነዚህ ክሮች በጉልምስና እንጨት ውስጥ ከግንዱ ቁመት ጋር ሊገጥሙ ጥቂት ይቀራቸዋል፤ ዝንባሌያቸው 10 ዲግሪ ገደማ ነው። በእምብርቱ አካባቢ ግን 30፣ አንዳንዴም ከ40 ዲግሪ በላይ ያዘነብላሉ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቤታችን ባለ ነገር ላስረዳ። አንድ ቀጥ ያለ ሽቦና አንድ የሶፋ ሞላ ውሰዱ። ሁለቱም ብረት ናቸው። ሽቦውን ይዘው ቢጎትቱት አይላወስም፤ ሞላው ግን በቀላሉ ይለጠጣል። ልዩነቱ በብረቱ ሳይሆን በአጠማዘዙ ነው። የልጅነት እንጨት የሞላውን፣ የጉልምስና እንጨት የሽቦውን ጠባይ ይዟል። በመሆኑም በአንድ የፓይን ግንድ ውስጥ በእምብርቱና በዳሩ መካከል ያለው ጭነትን ሳይጎብጥ የመቋቋም አቅም ከእጥፍ በላይ ሊለያይ ይችላል።

ዛፉ ይህን የሚያደርገው በከንቱ አይደለም። ቀጭን ችግኝ ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ ማለት አለበት፤ ግትር ቢሆን ይሰበራል። የጎለመሰው ዛፍ ደግሞ የከበደ አናቱን ተሸክሞ ሳይወዛወዝ መቆም ይኖርበታል። ዛፉ እንጨቱን የሠራው ለራሱ እንጂ ለእኛ ጣራ አይደለም። ጣጣው የሚመጣው ለመጎንበስ የተሠራውን ክፍል እኛ ቀጥ ብለህ ቁም ስንለው ነው።

እንጨት ለምን ይጠማዘዛል?

እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። ጤናማ የጉልምስና እንጨት በስፋቱና በውፍረቱ ቢኮማተርም በቁመቱ የሚያጥረው ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ ነው። የልጅነት እንጨት ግን ክሮቹ ስላዘነበሉ በቁመቱም ይኮማተራል፤ 1 በመቶና ከዚያ በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ።

ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በሦስት ሜትር ሞራሌ ላይ እናስላው። 0.1 በመቶ ማለት 3 ሚሊ ሜትር ነው። 1 በመቶ ማለት ደግሞ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ ሞራሌው አንዱ ጎኑ ከእምብርቱ አጠገብ፣ ሌላው ጎኑ ከዳሩ በኩል የተሰነጠቀ ከሆነ አንደኛው ጎን ብዙ ሊያጥር ሲፈልግ ሌላኛው እምቢ ይላል። ሁለቱ ተጣብቀው ስለተፈጠሩ መለያየት አይችሉም። የቀራቸው ምርጫ መጉበጥ ብቻ ነው። በዚህ ላይ በእምብርቱ ዙሪያ ያሉ ሕዋሳት ግንዱን እንደ ገመድ እየዞሩ ስለሚያድጉ እንጨቱ ሲደርቅ ከመጉበጥም አልፎ ይጠማዘዛል።

በአንድ ወቅት አንድ ጎረቤቴ ካሠሩት በር የተነሳ ከአናጺው ጋር ሲከራከሩ ለሽምግልና ተጠርቼ ነበር። በሩ በክረምት ሲገጠም ልክ ነበር፤ ኅዳር ላይ ግን የላይኛው ማዕዘኑ ከመቃኑ ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ ቁልፉ አልገጥም አለ። ባለቤቱ ቀሪውን የእጅ ዋጋ አልከፍልም አሉ። አናጺው በበኩሉ «ጋሼ፣ እኔ በልኬ ነው የሠራሁት» እያለ ይምል ነበር። የበሩን ቋሚ እንጨት አናት ስንመለከት የግንዱ እምብርት እንደ እርሳስ ነጥብ መሀሉ ላይ ቁጭ ብሏል። ሌላኛው ቋሚ ግን ከግንዱ ዳር የወጣ ነበርና አልተነቃነቀም። እንጨቱን የገዙት ራሳቸው ባለቤቱ ስለነበሩ አናጺው ገንዘቡን አገኘ። ይሁን እንጂ አናቱን የሚያይ ሰው በማጣት ያላግባብ «ሥራ አይችልም» የተባለው አናጺ ስንት ይሆን ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

ከሥር እስከ ጫፍ

እስካሁን ያወራነው ከእምብርት ወደ ቅርፊት ስላለው ልዩነት ነው። ከሥር ወደ ላይ ስንወጣስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የ30 ዓመት ዛፍ እንጨት ሁሉ የ30 ዓመት እንጨት አይደለም። ዛፉ ከመሬት አጠገብ 30 ያህል ቀለበት ሲኖረው፣ ወደ ጫፉ በተጠጋ ቁጥር ቀለበቱ ይቀንሳል። ጫፉ የተፈጠረው ትናንት ነውና 8 ቀለበት ብቻ ያለው ቦታ ይገኛል። እዚያ ላይ ያለው እንጨት በሙሉ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀለበቶች ውስጥ ስለሚወድቅ በሙሉ የልጅነት እንጨት ነው።

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ዝናብ የተሠራችው የውጪ ንብርብር ከሥሩ ዘንድ የጉልምስና እንጨት ሆና አናቱ ላይ የልጅነት እንጨት ትሆናለች። ምክንያቱም እንጨቱን የሚወስነው የዛፉ ጠቅላላ ዕድሜ ሳይሆን ከዚያው ቦታ እምብርት ያለው ርቀትና ለቅጠላማው አናት ያለው ቅርበት ነው። ስለዚህ የልጅነት እንጨት ከሥር እስከ ጫፍ መሀሉን ሰንጥቆ እንደሚያልፍ ምሰሶ አድርጋችሁ ሳሉት። የጉልምስናው እንጨት ምሰሶውን ከታች ወፍሮ፣ ወደ ላይ እየሳሳ የሚሸፍን ካባ ነው።

ተግባራዊ ትርጉሙም ግልጽ ነው። ከሥር የሚቆረጠው የመጀመሪያው ግንድ ለጭነት ተሸካሚ ሥራ የሚሆነውን አብዛኛውን እንጨት ይይዛል። የላይኛው ግንድ ወፍሮ ቢታይ እንኳ ይዘቱ ሌላ ነው።

ጉጥም እንዲሁ ከከፍታ ጋር ይለያያል። ጉጥ ማለት ግንዱ ሲወፍር የተዋጠ የቅርንጫፍ ሥር ነው። ቅርንጫፉ በሕይወት እያለ ከተዋጠ ጉጡ ከእንጨቱ ጋር ይዋሃዳል፤ ከሞተ በኋላ ከተዋጠ ግን ጣውላው ሲደርቅ ወልቆ ቀዳዳ ይተዋል። ከታች ያሉ ቅርንጫፎች በጊዜ ከተመለመሉ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እንጨት ጉጥ አልባ ይሆናል። የኒውዚላንድ ራዲያታ አልሚዎች የታችኛውን ግንድ በዚህ መንገድ እየመለመሉ ከፍ ባለ ዋጋ የሚሸጥ ጥሩ ጣውላ ያገኛሉ።

«ልቡን ፈልግ» የሚለው ምክር

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ተቃውሞ ሊያነሳ ይችላል። «አባቶቻችን የጥዱን ልብ ፈልጉ ይሉ የለም እንዴ? አንተ ደግሞ መሀሉ ደካማ ነው ትለናለህ» ሊል ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ሁለቱም አባባሎች ግን እውነት ናቸው። የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነው።

ዛፍ ሲያረጅ የውስጠኛው እንጨቱ ውኃ ማመላለሱን ያቆማል። ሕያዋን ሕዋሳቱ ከመሞታቸው በፊት ለፈንገስና ለነፍሳት የማይመቹ ኬሚካሎችን እዚያ ያከማቻሉ። ይህ ክፍል የልብ እንጨት ይባላል። በአገር በቀሉ ጥድ ላይ ቀላ ብሎ የሚታየውና ያን የታወቀ ሽታ የሚሰጠው ይህ ነው። የጥድ ልብ ምስጥንና ብስባሴን ለረጅም ዘመን የሚቋቋመው በእነዚህ ኬሚካሎች ምክንያት ነው። በዙሪያው ያለው ነጣ ያለ እንጨት ግን ይህ መከላከያ ስለሌለው ከዚያው ዛፍ ወጥቶም በምስጥ ይበላል። ስለዚህ መሬት ውስጥ ለሚተከል አጥር የጥድን ልብ መፈለግ ልክ ነው።

ልብነት የሚናገረው ስለ መቆየት ነው፤ የልጅነት እንጨት ነገር ደግሞ ስለ ጥንካሬና ቀጥነት ነው። በዝግታ ባደገ ያረጀ ጥድ ላይ ቀለበቶቹ ጠባብ ስለሆኑ የልጅነት እንጨቱ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። የልብ እንጨቱ ግን የግንዱን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናል። በተጨማሪም ጥድና የፈረንጅ ጥድ በሚገኙበት ቤተሰብ ውስጥ የእንጨቱ እፍግታ ከእምብርት ወደ ቅርፊት የሚያሳየው ለውጥ እንደ ፓይኖቹ የጎላ አይደለም። ስለዚህ አባቶቻችን ልቡን ሲመርጡ የሚያጡት ነገር እምብዛም አልነበረም።

ይህን ምክር ሳንመረምር ወደ ፓቱላ ስንወስደው ግን ይከሽፋል። ፈጥኖ ያደገ ወጣት ፓቱላ የልብ እንጨቱ ገና አልዳበረም፤ መሀሉ የልጅነት እንጨት ብቻ ነው። «ልብ ነው» ብለን የምንመርጠው ክፍል ከምስጥ አያድንም፤ ጭነትም በወጉ አይሸከምም። ለአንዱ ዛፍ የተነገረ ጥበብ ለሌላው ሳይመረመር አይሆንም።

ያዘነበለ ዛፍ የሚደብቀው

ግንዱ ያዘነበለ ዛፍ ሌላ ዓይነት እንጨት ይሠራል። በተዳፋት ላይ የበቀለ ወይም ነፋስ የገፋው ኮኒፈር ራሱን ወደ ላይ ለማቅናት ይታገላል። ይህንንም የሚያደርገው ከዝንባሌው በታች ባለው ጎን ጠንካራ፣ ሊግኒን የበዛበት ቀላ ያለ እንጨት በመጨመር ነው። ግንዱን ከሥር እንደሚገፋ ድጋፍ ማለት ነው። ይህን «የጫና እንጨት» ልንለው እንችላለን። ባሕር ዛፍና ሌሎች ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ ከላይ በኩል በሚሠሩት እንጨት ግንዱን እንደ ገመድ ይጎትቱታል።

የጫና እንጨት ከባድና ጠጣር ስለሆነ ጥሩ እንጨት ይመስላል። ማታለያውም ይኸው ነው። ሲደርቅ በቁመቱ ከጤናማው እንጨት 10 እጥፍ ያህል ሊኮማተር ይችላል። ሲጫን ደግሞ ሳይጎብጥ ሳያስጠነቅቅ በድንገት ቀጭ ይላል። ምልክቱ በግንዱ አናት ላይ ይታያል። እምብርቱ ከመሀል ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ በሰፊው ጎን በኩል ደግሞ ጠቆር ያለ የጨረቃ ቅርጽ ይወጣል። የደን ልማታችን ብዙው በተዳፋት ላይ እንደመሆኑ ይህ ምልክት ሊለመድ ይገባዋል።

መቸኮል ስንት ያስከፍላል?

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ። አንድ በለም መሬት ላይ የተተከለ ፓቱላ በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት በየዓመቱ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ቀለበት ያወጣል ብለን እናስብ። ስሌቱ እንዲቀል የልጅነት ዘመኑ 10 ቀለበት ነው እንበል። ስለዚህ የልጅነት ምሰሶው ዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር ነው።

ባለቤቱ ዛፉን በ15 ዓመቱ ቢቆርጠው ግንዱ ከሥሩ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚህ የቁርጥ ስፋት ውስጥ 64 በመቶው የልጅነት እንጨት ነው። ታግሶ በ30 ዓመቱ ቢቆርጠው ደግሞ ግንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ይደርስና የልጅነት እንጨቱ ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። ልብ በሉ፤ ጠቅላላው የቁርጥ ስፋት ያደገው ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። የጉልምስናው እንጨት ግን ከአምስት እጥፍ በላይ አድጓል። በጠቅላላ መጠን ብቻ የሚሸጥ አልሚ የሁለት እጥፍ ተኩሉን እንጂ የአምስት እጥፉን ጥቅም አያገኝም። ገበያው ለትዕግሥት የማይከፍል ከሆነ ገበሬው ለምን ይታገሣል? ችግር ሲገጥመው ቀድሞ ቢቆርጥ አይፈረድበትም።

ጉዳዩ በሀብታም አገሮችም ያለ ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሚመረተው ፓይን ለቤት ሥራ በሰፊው ይውላል። የደቡብ ፓይን ቁጥጥር ቢሮ ያደረገውን የጥንካሬ ሙከራ ተከትሎ መሐንዲሶች ለዚህ እንጨት የሚጠቀሙባቸው የጥንካሬ ቁጥሮች እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2013 ጀምሮ ለብዙዎቹ ደረጃዎች ዝቅ እንዲሉ ተደርጓል። ብዙ ባለሙያዎች ይህን ፈጥኖ አድጎ ቶሎ ከሚቆረጥ የተተከለ ደን የሚመጣው የልጅነት እንጨት ከመብዛቱ ጋር ያያይዙታል። የዛፉ ስም አልተለወጠም። የተለወጠው በግንዱ ውስጥ ያለው ድርሻ ነው። እዚያ ሙከራው ስለተደረገ ቁጥሩ ታረመ። ሙከራ በሌለበት ግን የሚታረመው ጣራው ከጎበጠ በኋላ ነው።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ለገዢዎች። የእንጨቱን ጎን ከማየታችሁ በፊት አናቱን እዩ። የግንዱ እምብርት በሞራሌው ውስጥ ካለ፣ ወይም ቀለበቶቹ በትንሽ ክብ ተጠማዘው ከታዩ፣ ያ እንጨት ከመሀል የወጣ ነው። ለበር፣ ለመስኮትና ለረጅም የጣራ እንጨት አትውሰዱት። ቀለበቶቹ ጠበብ ያሉና ቀጥ ወዳለ መስመር የቀረቡ ከሆኑ ግን ከዳር የወጣ ነው፤ እርሱን ምረጡ። ጠቆር ያለ የጨረቃ ቅርጽ ካያችሁ ተዉት። ከመገጠሙ በፊትም ይድረቅ፤ የሚጠማዘዘው ቤታችሁ ውስጥ ሳይሆን ክምሩ ላይ ይጠማዘዝ።

ይህ ማለት ግን የመሀሉ እንጨት ይጣል ማለት አይደለም። ለሣጥን፣ ለአጫጭር ቁራጮች፣ ለኮንክሪት ቅርጽ ማውጫና ተፈጭቶ ለሚሠራ ቺፕውድ ያገለግላል። አጫጭር አድርጎ መቁረጥ በራሱ መፍትሔ ነው፤ በሦስት ሜትር ላይ የሚያስቸግር ጉብጠት በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ ከቁም ነገር አይገባም።

ቀጥሎ ለመሰንጠቂያ ባለቤቶች። ግንዱ ገና ጫካ ውስጥ ሲቆረጥ የታችኛውን፣ የመካከለኛውንና የላይኛውን አናት በተለያየ ቀለም መቀባት የሚፈጀው አንድ ቆርቆሮ ቀለም ነው። ሲሰነጠቅም የመሀሉንና የዳሩን ለይቶ መከመር ተጨማሪ መኪና አይጠይቅም። አቅም ያለው ደግሞ ሌሎች አገሮች እንደሚያደርጉት በድምፅ መለካት ይችላል። ግንዱ አንድ ጫፉ ላይ ሲመታ ድምፁ በውስጡ የሚጓዝበት ፍጥነት ይለካል፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር እንጨቱ የበለጠ ግትር ነው።

በመጨረሻም ለመሐንዲሶችና ለጨረታ ሰነድ አዘጋጆች። በሰነዱ ላይ «አንደኛ ደረጃ ጣውላ» ብሎ ማለፍ ማንንም አይገዛም። «የግንድ እምብርት የሌለበት» የሚሉ ሦስት ቃላት ቢጨመሩ አቅራቢው መለየት ይገደዳል። አቅራቢው ከለየ መሰንጠቂያው ይለያል፤ መሰንጠቂያው ከለየም ለዳሩ እንጨት የተሻለ ዋጋ ይከፍላል። ያ ዋጋ ዞሮ ዞሮ ተዳፋቱ ላይ ዛፉን ለተከለው ገበሬ ከደረሰ፣ ዛፉን ሌላ 10 ዓመት ለማቆየት የሚያበቃ ምክንያት ይሆነዋል። ደን እንዲቆይ የሚለምን ስብሰባ በየጊዜው እንጠራለን። ከስብሰባው ጎን ለጎን ግን ለቆየ ዛፍ የሚከፍል ገዢ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ገዢ ደግሞ የሞራሌውን አናት ማየት ከሚያውቅ ሰው ይጀምራል።